በእኔ በኩል አንድ ሰው

መስከረም 28

ለጋሼ፣

ደብዳቤህ ትናንት ደረሰኝ። ጉንፋኑ ለቆኛል፣ ደህና ነኝ። አንተ ግን ስለ ጤናህ አንድ መስመር ሳትጽፍ ቀጥታ ወደ ጥያቄ ገብተሃል። ልማድህ ስለሆነ አልተቀየምኩም። በስልክ ብንጨርሰው ደስ ባለኝ፤ ባለፈው ስደውል ግን አንተ "ሃሎ" እኔ "ደህና ነኝ" እያልን አሥር ደቂቃ ቆየን። የሽመና ማሽኑ ጆሮህን ከወሰደው ወዲህ ወረቀት ይሻለናል።

የጠየቅከኝን ልመልስ። አዎ፣ ሠርጉ እኔ ያለሁበት አገር አይደለም። የእጮኛዬ የመሐንዲሱም አገር አይደለም። ዘመዶቹ በአራት አገር ተበትነው ስለሚኖሩ ለሁሉም መካከል የሆነ አንድ የባሕር ዳርቻ ከተማ ተመረጠ። ጋብቻውም እዚያው ከተማ ማዘጋጃ ቤት ይመዘገባል። ቀኑ ጥር 20 ነው፤ አይለወጥም። ስጦታ አታምጣ። አዎ፣ መሐንዲሱ ድልድይ ነው የሚሠራው፤ አይ፣ እስካሁን የፈረሰበት የለም።

በእሱ በኩል አርባ ሦስት ሰው ይመጣል። በእኔ በኩል አንተ ብቻ ነህ። አማቴ የእንግዶቹን ዝርዝር ሲጽፉ ገጹን በመስመር ለሁለት ከፈሉት። የእሱ ወገን ገጹን ጨርሶ ወደ ጀርባው ዞረ። በእኔ በኩል አንድ ስም ተጻፈ።

"ሌላስ?" አሉኝ እስክሪብቶውን እንደያዙ።

"ሌላ የለም።"

"አክስት? አጎት? የሠፈር ሰው እንኳ?"

የለም አልኩ። ስለዚህ ከእነሱ አንድ ሰው ቢቀር አንድ ሰው ቀረ ነው። አንተ ከቀረህ ግን ወገን የሌላት ሙሽራ ነኝ። ይህን የጻፍኩት ላስጨንቅህ አይደለም። ዋሸሁ፤ ላስጨንቅህ ነው።

ለእንግዶች የተዘጋጀውን መምሪያ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ያዘጋጁት አማቴ ናቸው። ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህርት ስለሆኑ ሁላችንንም እንደ ስምንተኛ ክፍል ነው የሚያዩን። "የማይመች ጫማ አድርጎ የመጣ እንግዳ ቅሬታውን ለራሱ ይያዝ" የሚለው ቀልድ አይደለም።

አንድ ጥያቄ እኔም አለኝ። ለቆንስላው የግብዣ ደብዳቤ ልጽፍ ነው፤ "ተጋባዡ ለጋባዧ ምኗ ነው?" የሚል መስመር አለበት። በወረቀት አባቴ ነህ። ለመሐንዲሱና ለእናቱ ግን እውነቱን ነግሬያቸዋለሁ። ምን ብዬ ልሙላው?

እህትህ


ጥቅምት 12

ለጢኒጤ፣

እኔ ደህና ነኝ። ይኸው ጻፍኩ፤ ደስ ይበልሽ።

መምሪያውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ተራ ቁጥር ዘጠኝ ላይ "እንግዶች ከተሳፈሩ በኋላ ሐሳባቸውን ባይቀይሩ ይመረጣል" ይላል። አማትሽ ከአውሮፕላን የወረደ ዘመድ አላቸው እንዴ?

ለጥያቄሽ፦ "ወንድሜ" ብለሽ ሙዪው።

ነገሩ እንዴት እንደሆነ አባታችንን የማታስታውሽ ስለሆንሽ አንድ ጊዜ በደንብ ልንገርሽ። ስድስት ዓመትሽ ነበር። እናታችን ከሞተች ሁለተኛ ወሯ ነው፤ አባታችን ቀድሟት ሄዷል። የፋብሪካው ትምህርት ቤት የሠራተኛ ልጅ እንጂ የሠራተኛ እህት አይቀበልም። መዝገብ ቤት የነበረችው ሴትዮ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችኝ። "ዕድሜህ ስንት ነው?" "ሃያ አምስት" አልኳት፤ ሃያ ሁለት ነበርኩ። "በል ወልደሃታል" አለችና ጻፈች። ከስምሽ ቀጥሎ የአባታችን ስም መግባት ሲገባው የእኔ ገባ። ከዚያች ወረቀት የትምህርት ቤቱ ወረቀት ወጣ፣ ከእሱ መታወቂያሽ፣ ከመታወቂያሽ ፓስፖርትሽ። ማንም ወደ ኋላ ተመልሶ አላየም።

ፋብሪካው ውስጥ እስከ ዛሬ "የጢኒጥ አባት" ነው የምባለው። አንዲት የፈትል ክፍል ልጅ ነበረች። አንድ ዓመት ያህል ምሳ አብረን በላን። በኋላ "ልጅ ያለው ሰው ይከብደኛል" አለችኝ። እህቴ ናት ብላት ወሬው መዝገብ ቤት ይደርሳል፣ አንቺም ከትምህርት ቤት ትወጫለሽ ብዬ ዝም አልኩ። ይህን ነግሬሽ አላውቅም። አሁንም የነገርኩሽ እንድታዝኚ አይደለም፤ አንድ ወረቀት እንኳ እውነቱን ይያዝልኝ ብዬ ነው።

ወንድምሽ


ጥቅምት 27

ለጋሼ፣

"ወንድሜ" ብዬ ሞላሁት። ግብዣውንና የፓስፖርቴን ኮፒ በዚህ ፖስታ ውስጥ ታገኛቸዋለህ። አትጨነቅ፤ ፓስፖርት ላይ ስም እንጂ ዝምድና አይጻፍም።

ስለ ፈትል ክፍሏ ልጅ የጻፍከውን አነበብኩ። አሁን ወደ ቆንስላው ጉዳይ ልለፍ።

ከሰዓቱ ቀድመህ ድረስ፣ ግን በጣም አትቅደም፤ አንድ ሰዓት በር ላይ የቆመ ሰው ያጠራጥራቸዋል። ዋናውን ወረቀት ሁሉ ያዝ። ሥራ እንዳለህና እንደምትመለስ የሚገልጽ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አስጽፍ። ስለ መልሱ ደግሞ እንዲህ ነው፤ ባጭሩ፣ ሳትቀልድ። አንተ ከመስታወት ጀርባ ያለ ሰው ባየህ ቁጥር ልታስቀው ትሞክራለህ።

ከሁሉ በላይ ጆሮህ እንደማይሰማ መጀመሪያ ንገራቸው። የሰማህ መስለህ ራስህን አትነቅንቅ! ሐኪሙ "ትጠጣለህ?" ሲልህ ነቅንቀህ አንድ ወር ሙሉ ስለ መጠጥ ጉዳት ሲመክርህ እንደከረመ አልረሳሁም።

ውጤቱን በነገሩህ ቀን ጻፍልኝ።

እህትህ


ኅዳር 14

ለጢኒጤ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ። ማሽኖች ተበላሽተው ሥራ በዝቶብኝ ነበር።

ቆንስላው ሄጄ ነበር። መጠበቂያ ክፍሉ ጠባብ ነው፣ አሥራ ሁለት ወንበር አለው፤ አንዱ እግሩ ስለተሰበረ ሁሉም ሰው እሱን እያለፈ ይቀመጣል፣ አዲስ የመጣ ግን ይቀመጥበትና ይደነግጣል። እኔም ደንግጫለሁ። ግድግዳው ላይ የባሕር ፎቶ አለ። ያንቺ ባሕር ይሆን ብዬ ብዙ አየሁት። ጆሮዬ እንደማይሰማ እንዳልሽኝ ነገርኳቸው። ጥያቄውን በቁራጭ ወረቀት እየጻፉ አስመለሱኝ። ትሑት ሰዎች ናቸው። አልቀለድኩም። ወረቀቶቼን በሙሉ ተቀብለውኛል።

አሁን የመንገዱን ነገር ማወቅ እፈልጋለሁ። ጥያቄዎቼን በሌላ ወረቀት ጽፌ አያይዣለሁ። አሥራ አራት ናቸው። ጊዜ ካለሽ ሁሉንም መልሺልኝ፤ በዝርዝር ቢሆን ደስ ይለኛል።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 1

ለጋሼ፣

አሥራ አራቱን ጥያቄ አማቴ አይተው "ይህ ሰው የእኔ ተማሪ መሆን ነበረበት" አሉ። የምሠራበት መነጽር ቤት ዛሬ ደንበኛ የለም፤ የመስታወት መሞረጃው አጠገብ ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ።

አንድ ሻንጣ ይበቃሃል። ራስህ ዝጋው፣ ራስህ ክፈተው። መንገድ ላይ "ይህችን ትንሽ ዕቃ አድርስልኝ" የሚልህን ሁሉ፣ እናታችንን ብትመስልም፣ እምቢ በል። አንተ እምቢ ማለት ስለማትችል "ሻንጣዬ ሞልቷል" በል። ሱፉን ግን ሻንጣው ውስጥ አታስገባ፤ በእጅህ ያዘው። የመሐንዲሱ አጎት አምና ሻንጣው ሌላ አገር ሄዶበት በመንገድ ልብሱ ሠርግ ዋለ። ፎቶው ላይ የሙሽሮቹ ሹፌር ይመስላል።

የደም ግፊት ኪኒንህን ከነማዘዣው በእጅ ቦርሳ ያዝ። የፓስፖርትህን ኮፒ አንዱን ሻንጣ ውስጥ፣ አንዱን በደረት ኪስህ። የኤሌክትሪክ መላጫህን ተወው፤ ሶኬታቸው ከእኛ ይለያል። ጥር እዚያ ባሕሩ ለማየት እንጂ ለመግባት አይደለም፤ ነፋስ አለ፣ ሹራብ ያስፈልግሃል። ጫማህን ከአሁኑ ቤት ውስጥ እያደረግክ ለምደው፤ ከማረፊያው እስከ ማዘጋጃ ቤት ያለው መንገድ ድንጋይ ንጣፍ ነው፣ ቁልቁለት።

አውሮፕላኑ ሲነሳ ጆሮ ይደፍናል። ያንተ ቀድሞ ስለተደፈነ ላታውቀው ትችላለህ፤ ለማንኛውም ከረሜላ ምጠጥ። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። አውሮፕላን በምትቀይርበት ቦታ የመሳፈሪያው በር ከተለወጠ የሚናገሩት በድምፅ ማጉያ ነው። ስለዚህ ወንበር ላይ ከመቀመጥህ በፊት ወዳንተ በረራ የሚሄድ አንድ ሰው ምረጥ፤ ልጆች የያዘች ሴት ብትሆን ጥሩ ነው፣ እንደ ልቧ አትሮጥም። እሷ ስትነሳ ተነሳ። ሽንት ቤት ስትገባ ግን ተመለስ።

ሲደርሱ ቅጽ ያስሞላሉ። የራስህ እስክሪብቶ ይኑርህ። ጠባቂው "ለምን መጣህ?" ካለህ "ለሠርግ"። በቃ። የማን ሠርግ እንደሆነ ካልጠየቀ አትንገረው። ፎቶዬንም አታሳየው።

ክፍልህ ሁለተኛ ፎቅ ነው፣ ከእኔ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ። እኔ ነኝ የመረጥኩት። ባንኳኳ ስለማትሰማ አንዱ ቁልፍ እኔ ጋ ይሆናል። "ሠርጉ ላይ ከማን ጋር አወራለሁ?" ላልከው፣ መሐንዲሱ አያት አሉት፤ እሳቸውም አይሰሙም። አጠገብ ላጠገብ አድርገናችኋል። ከሁሉ ጠረጴዛ የእናንተ እንደሚደምቅ መሐንዲሱ ተወራርዷል።

አሁን ሳየው ስድስት ገጽ ሆኗል። ከቤት ከወጣሁ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ይህን ያህል ጽፌልህ አላውቅም። ሁልጊዜ ምን እንደምጽፍልህ ይጠፋኝ ነበር።

ቪዛውን መቼ ውሰድ አሉህ? እሱን አልነገርከኝም።

እህትህ


ታኅሣሥ 13

ለጢኒጤ፣

ስድስቱም ገጽ ደርሶኛል። ፋብሪካ ይዤው ሄጄ በምሳ ሰዓት አነበብኩት። ፎርማኑ "ምንድን ነው እንዲህ የሚያስቅህ?" ብሎ ጻፈልኝ። የአጎትየውን ነገር አሳየሁት፤ እሱም ሳቀ።

ልብስ ሰፊው ጋ ሄጃለሁ። ስለማልሰማ እሱም እየጮኸ ነው የሚያናግረኝ፤ መንገድ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ሰማ።

"ለማን ሠርግ ነው?"

"ለልጄ።"

"እንግዲያው ትከሻውን ሰፋ እናድርገው። የሙሽራ አባት ትከሻ ያስፈልገዋል!"

"የእኔ ትከሻ ይኸው ነው።"

"ያንተን ማን ጠየቀህ፣ የሱፉን ነው!" አለኝ።

ጫማውን እየለመድኩት ነው። ከሥራ ስገባ አጠልቀውና ከበር እስከ መስኮት እመላለሳለሁ። ሁለቱ የቤታችን ክፍሎች እንደምታውቂያቸው ናቸው፤ ያንቺን አልጋ አላነሳሁትም፣ የታጠበ ልብስ አስቀምጥበታለሁ።

ሌሎች ዘጠኝ ጥያቄዎች መጥተውብኛል። በጀርባው ላይ ጽፌያቸዋለሁ። አያትየው በየትኛው ጎናቸው እንደሚሻላቸው የሚለውን አትርሺ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 25

ለጋሼ፣

ዘጠኙን ጥያቄ አልመልስም። መጀመሪያ አንተ አንዱን መልስልኝ።

ትናንት ፋብሪካው ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ "አባትሽ ሥራ ላይ ናቸው" አለችኝ። ለጥር የወሰድከው ፈቃድ ስንት ቀን እንደሆነ ጠየቅኳት። መዝገቡን አየች። "ፈቃድ አልጠየቁም" አለች። ደግማ እንድታይ ጠየቅኳት። አልጠየቅክም።

አማቴ በአውቶቡስ የሚመጡትን እንግዶች ስም ዝርዝር እየጻፉ ነው። ስምህን በእርሳስ ነው ያስገቡት።

ቪዛውን ሰጡህ ወይስ አልሰጡህም? ትመጣለህ ወይስ አትመጣም? ስለ ሶኬት አትጻፍልኝ። ከጥር 10 ጀምሮ የባሕር ዳርቻው ከተማ ነን፤ መልሱን በማረፊያው አድራሻ ላክልኝ፣ ከታች አለልህ።

እህትህ


ጥር 6

ለጢኒጤ፣

አልመጣም። ይህን መጀመሪያ የጻፍኩት ሌላውን ሳታነቢው ብትቀሪ እንኳ እንድታውቂው ነው።

የከለከሉኝ ኅዳር 9፣ በቃለ መጠይቁ ቀን ነው። ከመስታወቱ ጀርባ የነበረው ሰው ግብዣሽንና የፓስፖርትሽን ኮፒ ጎን ለጎን አስቀመጠና በቁራጭ ወረቀት ጻፈልኝ። "ወንድሟ ከሆንክ የአባቷ ስም እንዴት ያንተ ስም ሆነ?" እኔና አንቺ ስሙን ለምደነው አላየነውም። እሱ ግን በአንድ ጊዜ አየው።

ቀጥሎ ጻፈ። "አባቷ ከሆንክ ግብዣው ሐሰት ነው። ወንድሟ ከሆንክ ፓስፖርቷ ሐሰት ነው። የትኛው ነው?" ከሥሩም "ጋብቻው ለሚመዘገብበት ማዘጋጃ ቤት ጽፈን እሷኑ እንጠይቃለን" አለበት።

እስክሪብቶውን አነሳሁ። ከኋላዬ ሰልፍ ነበር። አንቺ ከተጠየቅሽ እውነቱን እንደምትናገሪ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ፓስፖርትሽ ይያዛል፣ ጋብቻውም ይቀራል፤ የመኖሪያ ፈቃድሽም እኮ በዚያው ወረቀት የተገኘ ነው። ስለዚህ እንዲህ ብዬ ጻፍኩለት፦ "ምኔም አይደለችም። የአባቷ ስም ከእኔ ጋር መመሳሰሉን አይቼ ግብዣውን ራሴ ጻፍኩት። እሷ አታውቅም።"

አነበበው። ተመለከተኝ። "ለምን?" ብሎ ጻፈ። "ባሕር ማየት ፈልጌ" አልኩት። ፈገግ አላለም። ለአምስት ዓመት እንዳላመለክት ፓስፖርቴ ላይ ማኅተም አደረገበትና መለሰልኝ። ቁራጩን ወረቀት ግን እነሱ አስቀሩት። አንቺን የሚጠይቅ ሰው አይመጣም፤ በፋይሉ ውስጥ አንድ አታላይ አለ፣ እሱም ተሸኝቷል።

ያን ቀን ልጽፍልሽ ተቀምጬ ነበር። ከዚያ ይልቅ አሥራ አራት ጥያቄ ጻፍኩ። ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ አላወቅኩም። ስድስቱ ገጽ ሲመጣ አወቅኩት። እንደማልመጣ ብነግርሽ አንድ ገጽ ታዝኚልኝ ነበር፣ ከዚያ እንደ በፊቱ ለዓመት በዓል የሰላምታ ካርድ። መንገደኛ ስሆን ግን ትጽፊልኛለሽ። ስለዚህ መንገደኛ ሆንኩ። ሱፉም ተሰፍቶ አልቋል፤ ትከሻው ሰፍቶኛል።

በድዬሻለሁ። በዝርዝሩ ላይ በእርሳስ የተጻፈውን ያጥፉት።

ወንድምሽ


የካቲት 3

ለጋሼ፣

ደብዳቤህ ጥር 18 ደረሰኝ፣ የእንግዶቹ አውቶቡስ በቆመበት ሰዓት። ደረጃው ላይ ቆሜ አነበብኩት። አርባ ሦስት ሰው እያቀፈ ሳመኝ። ሁሉም የደስታ እንባ ነው አሉ። አላረምኳቸውም።

ተናድጄብሃለሁ፤ እስካሁን አልወጣልኝም። ስላደረግከው አይደለም። እሱን እኔም አንተን ብሆን አደርገው ነበር። የተናደድኩት ስለደበቅከኝ ነው። ኅዳር ላይ ብትነግረኝ ሁለት ወር ነበረኝ። እነሱ አንተን ከለከሉህ እንጂ እኔን ወዳንተ ከመምጣት ማን ከለከለኝ? መሐንዲሱን ይዤው እመጣ ነበር። በእነዚያ ሁለት ክፍሎች ውስጥ እንጋባ ነበር። አርባ ሦስቱ ቢከተሉን ይከተሉን፣ ባይከተሉን ይቅሩ። አንተ ይህን ሳታስበው ቀርተህ አይደለም። አስበኸው "አላስቸግራትም" ብለህ ነው። እኔን ላለማስቸገር ብለህ የፈትል ክፍሏንም ልጅ እንዲሁ ሸኘሃት።

አማቴ ስላንተ አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቁኝ። "ታሟል" አልኩ። ስምህን ራሳቸው በላጲስ አጠፉት፤ ከዚያ ወረቀቱን እፍ አሉና እጄን ይዘው ቆዩ። በእኔ በኩል ካለው ጠረጴዛ አያትየው ብቻቸውን ተቀመጡ። በምልክት ሁለት ጊዜ "የት አለ?" አሉኝ።

ስለ ሌላው ብዙ አልጽፍም። ነፋስ ነበር። ሁሉም ደህና አለፈ።

የማዘጋጃ ቤቱን ግን ልንገርህ። ጸሐፊው ፓስፖርቴን ገልጦ የአባት ስም በሚለው ላይ ያንተን ስም ገለበጠ። "በሕይወት አለ?" አለኝ ሳያየኝ። መሐንዲሱ ወደ እኔ ዞረ፤ አባታችን መቼ እንደሞተ ያውቃል።

"አለ" አልኩ።

"ተገኝቷል?"

"አልተገኘም።"

ምልክት አደረገበትና ወደሚቀጥለው ዞረ። ለምን እንዳልተገኘህ አልጠየቀም፤ ቅጹ ላይ ቦታ የለውም። ቢጠይቀኝ ሁሉንም እነግረው ነበር። እንኳን አልጠየቀኝ።

ወደ ቤት ከተመለስን ሳምንት ሆነን። መሐንዲሱ ለሦስት ሳምንት ወደ ድልድዩ ሄዷል፤ ወደፊትም ሥራው እንዲህ ነው። እኔ መነጽር ቤት እውላለሁ፣ ስገባ ቤቱ ጭር ብሎ ይጠብቀኛል። ሬዲዮ ከፍቼ ልብስ አጥባለሁ። እዚህ እስካሁን ስሜን በቁልምጫ የሚጠራኝ ሰው የለም።

ወዳንተ ለመምጣት ከሥራ ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ የሚፈቀደው ከሐምሌ በኋላ ነው ተብያለሁ። እስከዚያ ድረስ ስለ ሻንጣና ስለ ጫማ አትጠይቀኝ። "እንዴት ነሽ?" ብቻ ብለህ ጻፍልኝ። እሱን በስድስት ገጽ አልጨርሰውም።

እህትህ